ደህና ነኝ የሚሉትን የጠየቀች ሲስተር

ስልኩ ሲጠራ ድንች እየላጥኩ ነበር። እጄን በሽርጤ ጠረግኩና አነሳሁት። "እትዬ፣ ፈቀዱ" አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔም "ተመስገን" አልኩ። ከእሷ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፣ ከእኔ በኩል ድስቱ ይንተከተካል። ከዚያ "በሉ ደህና ይዋሉ፣ ለሌሎቹም ልደውል" ብላ ዘጋችው። ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ መላጤን ያወቅኩት ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የደወለችልኝ ነርስ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ ባለቤቴ ግን ባለቦርሳዋ ነበር የሚላት፣ ከትከሻዋ የማይወርድ፣ እሷን የሚያህል ጥቁር ቦርሳ ስላላት። የተፈቀደው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከእንግዲህ በማይድን ሕመም ቤታቸው የተኙ ሰዎች ሞርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለመውሰድ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አይኖርባቸውም። ነርስ ቤታቸው ድረስ ታመጣላቸዋለች፣ መጠኑንም ከሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግራ እዚያው ታስተካክላለች። ለሚሰማው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ጀርባው ውስጥ እሳት የሚነድበትን ሰው ደግፎ ታክሲ ውስጥ ያስገባ ግን ነገሩን ያውቀዋል።

ሲስተርን ያወቅኳት ባለቤቴ ከታመመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ኑሮዋ የነገረችኝ በቁርጥራጭ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመሄድ ጫማዋን ስታስር። የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ልጅ ናት። ብዙ ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ሠርታለች። እዚያ ሳለች ሐኪሞቹ "ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ወደ ቤት ይውሰዷቸው" ሲሉ ትሰማ ነበር። ቤተሰቡ በሽተኛውን ይዞ በበሩ ሲወጣ ታያለች፤ ከበሩ ወዲያ ስላለው ግን የሚጠይቅ አልነበረም። "ሰው ከኛ በር ከወጣ በኋላም እኮ ያመዋል፣ እትዬ" አለችኝ አንድ ቀን። ስለዚህ አንድ ዶክተር ይህንኑ ለማጥናት ነርስ ሲፈልግ፣ ማንም ሳይቀድማት ስሟን አስመዘገበች።

ጥናቱ ቀላል ነበር። ከታማሚዎቹ ግማሾቹ እንደ ወትሮው ሆስፒታል እየተመላለሱ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ግማሾቹን ደግሞ ሲስተርና ጓደኞቿ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያዩዋቸዋል። ከዚያ የየትኞቹ ሕመም እንደቀለለ ይታያል። የቤቱ ከተሻለ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ለሁሉም ይፈቅዳል፤ ካልተሻለ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ሲስተር እንዳይቀር ነበር ጭንቀቷ።

ለዚህ ሥራ የማይመች አንድ ጠባይ ነበራት፤ ውሻ ትፈራለች። ደም አይታ የማትደነግጥ ሴት ቡችላ ስታይ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ትይዛለች። ከመምጣቷ በፊት ትደውልና "የጎረቤታችሁ ውሻ ታስሯል?" ትለኛለች። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ "ታስሯል በያት፣ ይግባኝም የለው" ይላል።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ምላጭ ነው የሚሉት፣ ለእጁም ለምላሱም። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ሲጥለው እጁ ተያዘ እንጂ ምላሱ አልተያዘም። ሲስተር ትመጣለች፤ ገና ከበሩ "ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?" ትላለች። እሱም "ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ አንቺስ? ልጆችሽስ?" ይላታል።

"ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ቢባል ስንት ነው?"

"ምን፣ ሁለት ብትይው ነው።"

ሁለት ብላ ትጽፋለች። መድኃኒቱም ለሁለት የሚሆነውን ያህል ነው። ትንሽ ይጫወታሉ፣ ትሄዳለች። ሌሎቹም ቤት እንደዚሁ ነበር።

ውጤቱ ተደምሮ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሆስፒታል የሚመላለሰውም፣ ቤቱ የሚታየውም ደህና ነኝ ብሏል። የኮሚቴው ሰዎች ዶክተሩን "ሕዝቡ ደህና ከሆነ እናንተን ምን አስጨነቃችሁ?" አሉት። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥናቱ እንዲዘጋ ታሰበ። ሲስተር ይህን ስትነግረን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ባለቤቴ አዘነላት። ሊያጽናናትም ብሎ "አይዞሽ፣ እኔ እንደሆን አንቺ መምጣት ከጀመርሽ ወዲህ ደህና ነኝ" አላት።

ተሰናብታን ወጣች። እሱ የግቢው በር ሲዘጋ እስኪሰማ ጠበቀ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ማቃሰት ጀመረ፣ እኔም ጀርባውን ማሸት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተበረገደና ሲስተር እየሮጠች ገባች፣ ቦርሳዋ ከኋላዋ እየተንጠለጠለ። የጎረቤት ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ነበር። "እትዬ፣ በሩን…" ብላ ጀመረችና አልጋውን አይታ ቆመች።

ባለቤቴ ፊቱን ከትራሱ ሲያነሳ በላብ ተነክሮ ነበር። ትራሱ ላይ የጥርሱ ምልክት ይታያል።

"ጋሼ፣ ሁለት ነው እኮ ያሉኝ።"

"ሁለት ነበር። ውሻው ጨመረበት።"

"በሞቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ምን ልበልሽ ታዲያ? ሰው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ቤቴ ገብቶ፣ በዋይታ ልሸኘው?"

"እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?"

"ቆመሽ እንዴት ነዎት ትይኛለሽ፣ ጽፈሽ ትሄጃለሽ። እንግዳ ካልሆንሽ ምኔ ነሽ?"

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ውሻው ይጮኻል፣ እሷ ግን የሰማችውም አትመስልም። "እኔ ለካ ሰላምታ ነው የምሰጣቸው" አለች፣ ለእኛ ይሁን ለራሷ አላወቅንም። "እነሱም የሰላምታ መልስ ይሰጡኛል። እሱን ነው ስጽፍ የከረምኩት።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"ጋሼ፣ ትናንት ማድረግ ፈልገው ያቃተዎት ነገር ምንድን ነው?"

"ጺሜን መላጨት" አለ፣ ሳያስብበት። "ምላጩን አነሳለሁ፣ እጄ ከትከሻዬ በላይ አልሄድ ይለኛል። አሁን እሷ ናት የምትላጨኝ። ፊቴ ላይ የምታዪው ቁስል ሁሉ የእሷ ሥራ ነው።"

"ውሸቱን ነው" አልኩ።

"ሌላስ?" አለችው።

ይህንን ግን ቀስ ብሎ ነው የመለሰው። "በዚህ በኩል መተኛት። በዚህ በኩል ስተኛ እሷ ትታየኛለች። አሁን ስለማያስተኛኝ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የማድረው።"

እኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው መብራቱን ሸሽቶ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከዶክተሩ ጋር የተነጋገሩትን ራሷ ናት ያወራችኝ። "መጠይቃችን አይሠራም" አለችው።

"በስንት አገር የተሠራበት መጠይቅ ነው።"

"በሌላው አገር ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ምን እንደሚል አላውቅም። እዚህ ደህና ነኝ ነው የሚለው። አንተስ ዛሬ ጠዋት ስጠይቅህ ምን አልከኝ?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ።"

"ጥርስህን ሲያምህ አድረህ።"

ዶክተሩ ጉንጩን ይዞ ሳቀ። ቢሆንም የሥራ ሰው ነውና ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባ። "እሺ፣ ጺም መላጨትን ከምን ጋር ነው የምደምረው? ቁጥር ካላመጣሁ ኮሚቴው ዞር ብሎ አያየኝም።"

"ቻለ፣ አልቻለም ብለን።"

እንደዚያ ብለው ወረቀት ላይ ሲሰርዙ ሲደልዙ ዋሉ። አስታማሚውም ለብቻው፣ ታማሚው ከማይሰማበት ቦታ እንዲጠየቅ ያሰበው ዶክተሩ ነው። እሱ ባያስበው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ፣ ከታማሚው እኩል እኛም ደህና ነን ባዮች ነበርን። ኮሚቴውን ለምኖ ጊዜ አስጨመረና ሁሉም ነገር በሁለቱም ወገን እንደ አዲስ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር ስትገባ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለች። ስለ ልጆቿ ትጠየቃለች፣ ስለ ልጆቻችን ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። ከዚያ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ከተቀመጠች በኋላ ነው "ትናንት ምን አቃተዎት?" የምትለው። ጓደኞቿንም እንዲሁ አስተማረቻቸው። በየቤቱ ለሰላምታ ሲባል ታፍኖ የኖረው ነገር ወጣ። አንዷ ልጇን ማቀፍ አቅቷታል። አንዱ ጫማውን ማጥለቅ። አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ጋዜጣ ዘርግታ መያዝ። ሰዎቹ ሁለትና ሦስት ሲሉ የነበሩት ይህን ሁሉ ይዘው ነው።

ለባለቤቴ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተጨመረለት። ሲስተር ከዶክተሩ ጋር ትደዋወላለች፣ ታያለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። ሆዱን እንዳያደርቅበትም ሌላ ሰጠችው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ አበዛ፣ ፈራሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። "ምላጬን አምጪ" አለኝ። መስታወቱን ያዝኩለት። እጁ ከትከሻው በላይ ወጣ። አንዴም ሳይቆርጠው ጺሙን ጥርግ አድርጎ ላጨና "እንዲህ ነው የሚላጨው፣ አይተሻል?" አለኝ።

ቀጥሎ ያስጠራው ሹፌሩን ነው። ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነጂ፣ የድሮ ደንበኛው ነው። ባለቤቴ ከተኛ ጀምሮ ሌላ ቤት መስተካከል ክህደት መስሎት ፀጉሩን ለቆት ነበር።

"ምነው፣ ሸፈትክ እንዴ?" አለው ባለቤቴ።

"አንተን እየጠበቅኩ ነዋ።"

"ብሞትብህስ?"

"ሹሩባ እሠራ ነበር።"

አንሶላ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ባለቤቴ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። መቀሱ ሲንቀጫቀጭ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ያርፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይቀጥላል።

"ጆሮዬን እንዳትቆርጠው።"

"ብቆርጠውስ ምን ታጣለህ? ተሳፋሪ ወራጅ አለ ሲልህ ሰምተህበት አታውቅ።"

ሲስተር መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠችና "ተረኛው ማነው?" አለች።

"ሲስተር፣ እንዳትሞክሪው" አላት ሹፌሩ። "በእኔ እጁን እያፍታታ ነው።"

ያን ቀን ጨረሰው፣ ከአንገቱ ሥር ያለውን ሳይቀር። ሲስተር ወረቀቷ ላይ "ቻለ" ብላ ስትጽፍ እስክሪብቶዋን ጫን አድርጋ ነበር።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ክረምቱን ጨረሰ። በገዛ አልጋው፣ በዚያኛው ጎኑ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እንደተኛ ሞተ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከታማሚ ቤተሰብ ሰው ይገኝ ስለተባለ እኔ ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየሰው ፊት የውኃ ጠርሙስ፣ የሚንጫጫ አሮጌ ማራገቢያ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው፤ ጥንቁቅ ሰው፣ ክፉ አይደሉም። ሲስተር እያነከሰች ገባች። በዚያው ሳምንት ከአንድ ውሻ ስትሸሽ ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ በጄሶ ታስሯል።

"ሲስተር፣ እንደምን ነሽ?" አሏት ሰብሳቢው።

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እርስዎስ?"

የሁሉም ዓይን ወደ ጄሶው ሄደ። ዶክተሩ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገና "ክቡር ሰብሳቢ፣ የመጀመሪያው ውጤታችን የተሰበሰበው እንዲህ ነበር" አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ ቤቱም ተከተላቸው። ሲስተር ብቻ ምን እንደተሳቀ ሳይገባት ዙሪያዋን ትመለከት ነበር።

ከሳቁ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ቤታቸው ከታዩት ውስጥ አብዛኞቹ አቅቷቸው የነበረውን ነገር መልሰው ችለዋል፤ ሆስፒታል ከተመላለሱት የቻሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። ከዚያ የፈራነው ጥያቄ መጣ። "ይህ መድኃኒት ክፉ እጅ ከገባ ሱስ ነው። በየቤቱ ስትበትኑት ማን ይጠብቀዋል?"

"አንበትነውም" አለች ሲስተር። "በሄድን ቁጥር የቀረውን እንለካለን። ሰው ሲያርፍ ጠርሙሱን እንወስዳለን። እስካሁን ሳይመለስ የቀረ የለም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎስ እናቴ?"

"መልሻለሁ" አልኩ። "ለእኔ ሕመም አይሆንም።"

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፉና ስላቀረበው ጥናት ዶክተሩን አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው፤ በመጨረሻ ስልኩ መጣ።

አሁን ሲስተር አዳዲስ ነርሶችን ታስተምራለች። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ ቦርሳቸው ግን የእሷን ያህላል። መጀመሪያ የምታስተምራቸው መቀመጥ ነው። ሹፌሩም በበኩሉ ባለቦርሳ ሲያይ ፌርማታ ባይሆንም ያቆማል፤ አለቃው ሁለት ጊዜ ተቆጥቶታል፣ አልሰማ ብሏል። በእኛ መንገድ ብቻ እንኳ የጠዋቱ ጉብኝት እስኪያልቅ ድረስ ነርሶቹ ከቤት ቤት ሲወጡ ሲገቡ አያለሁ። ሲስተርም በዚህ ስታልፍ ጎራ ትላለች፣ ሰላምታዋን አድርሳ ትቀመጣለች፣ እኔንም ትናንት ምን እንዳቃተኝ ትጠይቀኛለች።

ፈቃዱ የተሰጠው ለአዋቂዎች ብቻ ነው። ሕፃናት አሁንም መድኃኒቱን ለማግኘት ሆስፒታል ድረስ ይወሰዳሉ። ሕፃን ልጅ ስለ ሕመሙ እንዴት ተደርጎ እንደሚጠየቅ ሲስተርም ዶክተሩም ገና አያውቁም፤ ጥናቱም አልተጀመረም።