ከአጥር ማዶ የዘጋሁት ስልክ

እናቴ ራውተሩን ዳንቴል አልብሳው ነበር። ለቴሌቪዥኑና ለሶፋው ጀርባ የሠራችውን ዓይነት ነጭ ዳንቴል፣ በልኩ ሠርታ፣ አንቴናዎቹ የሚወጡበት ቀዳዳ ሳይቀር ትታለት። የኢንተርኔት መስመሩን ያስገባሁላት እኔ ነኝ፤ አቦምሳ ስሠራ ፊቷን እያየሁ ላወራት ብዬ። የለበሰውን ዳንቴል ግን ያየሁት ከቀብሯ ማግስት ነው። ስነካው ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። ዕቃው አየር ይፈልጋል፣ ምንም አትደርቢበት ብዬ በስልክ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዳንቴሉን ገፈፍኩና ከስልኳ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ እንዲህ ነኝ። ሐዘን ሲመጣብኝ ሌላው ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ዕቃ አስተካክላለሁ፤ ያልተስተካከለ ዕቃ ሳይ ደግሞ እናደዳለሁ።

እናቴ የሞተች ቀን አለቃዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ መኪና አዘጋጅተንልሻል» አለኝ። ለትንሽ ሕመም የመሥሪያ ቤት መኪና የሚሰጥ አለቃ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሁለት ባልደረቦቼ ግራና ቀኝ ሆነው መሀል አስቀመጡኝ። በየመንገዱ፣ «ደህና ናት አይደል?» እላለሁ። «ደህና ናቸው» ይሉኛል፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ። አሰላ ገብተን ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ድንኳኑ ታየኝ። አልተቀየምኳቸውም። መርዶ እንዲህ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ያን «ደህና ናቸው» ግን ድምፁን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ከአርባዋ በኋላ ዝውውር ጠይቄ ወደ አሰላ መጣሁና በእናቴ ቤት መኖር ጀመርኩ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የኮምባይነር ኦፕሬተር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስንዴ ሲያጭዱ ኖረው ማሽኑ ጆሯቸውን በላው። ጆሯቸው ሥር ካልጮኹላቸው አይሰሙም፣ እሳቸውም ሲናገሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ሚስታቸው ሞተዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ዓረብ ሀገር ሰው ቤት ትሠራለች።

ዓርብ ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ረዘም ስለሚል ወደ ቤት እመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ጋሼ ከመስጊድ ተመልሰው በግቢያቸው በኩል የኛን ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደግነው ይጮኻሉ። «ኢንታላ ኮ! ልጄ! ከሳሽ! ምን ያበሉሻል እነዚህ ሰዎች?» በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፣ ወይም ተገላቢጦሹን። ምሳዬን ጸጥ ብዬ መብላት እየፈለግሁ ስለ ልጅቷ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ሞተችው ላም፣ በሰኔ ውሏ ሲያልቅ መጥታ ስለምትቀባው ሳሎን ሁሉ እሰማለሁ። አንድ ቀን ቢተዉን ምን አለበት እል ነበር።

ጥር ላይ ኢንተርኔቱ መጎተት ጀመረ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ቤት አምጥቼ እልክ ስለነበር ደሜ ፈላ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ጀመርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁ፣ ከብረት ቁም ሳጥኑ አጠገብ አንስቼ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩ፣ ቁጥሩን ኮምፒውተሬ ላይ ጻፍኩና ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገባሁ። እዚያ ራውተሩን የሚጠቀሙት ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ሦስት ናቸው። አንዱ ስልኬ፣ አንዱ ኮምፒውተሬ። ሦስተኛው ስም የለውም፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የእናቴ ስልክ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ታዲያ ይሄ ማነው?

አንዱ የሰፈር ጎረምሳ ፓስወርዱን ከእናቴ አታሎ ወስዶ ፊልም እያወረደበት ነው አልኩ። ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ቤቷን የሚበሉ ሰዎች አሉ አልኩ። አልጠየቅሁም፣ አላጣራሁም። የማገጃውን ምልክት ተጫንኩና ያ ስም የሌለው ስልክ ከዝርዝሩ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አንድ ነገር ያሸነፍኩት ያን ቀን ነው።

ኢንተርኔቱ ግን አልፈጠነም። በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ምሰሶው ላይ የላላውን መስመር ሲያጠብቁት ነው የተስተካከለው። ያገድኩትን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓርብ ጸጥ ያለ ነበር። ቀጣዩም። ምሳዬን በሰላም በላሁ። ጋሼ ጩኸት ተዉ፣ እፎይ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ ልጅቷ መደወል አቁማለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሀገሩን ሲለምዱት እንዲህ ናቸው፣ አባትም ይረሳል አልኩ። ጥፋት የሌለባትን ልጅ ወቅሼ ሳህኔን አጠብኩ።

ጋሼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም ይሉኛል። አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በሬን አንኳኩ። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ጋሼ ምነው? ይግቡ እንጂ» ብዬ ጮህኩላቸው። የለበስኩትን ጥቁር ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩት። ስልኩን ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱት። «አይ ኢንታላ ኮ፣ እንዴት ነሽ ልልሽ ነው። በርቺ» አሉኝና ጭቃውን እየመረጡ ሄዱ። በሩን ዘጋሁ።

ጥቅምት ላይ የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ዓርብ ዕለት ለዝግጅቱ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። አሳድጌ የምሰቅለው ፎቶ ስፈልግ ስልኳ ትዝ አለኝ። ከዳንቴሉ ሥር አውጥቼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ቆልፋው አታውቅም፣ ምን የምደብቀው አለኝ ትል ነበር። ሲበራ ከራውተሩ ጋር ራሱ ተገናኘ። ከዚያ መንጫጫት ጀመረ። የአንድ ዓመት መልእክት አንድ ላይ ገባ፣ ብዙው የበዓል ሰላምታ ነው። አሥራ አንዱ ግን ከአንድ ሰው የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር። ከጋሼ ልጅ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በተራ ሰማኋቸው።

የመጀመሪያው የጥር ነው። «እትዬ እንደምን አሉልኝ? አባዬን በቪዲዮ አጣሁት። ዋይፋያችሁ ተበላሸ እንዴ? እርስዎ ፓስወርዱን ካስገቡለት ጀምሮ አንድም ዓርብ ቀርቶብኝ አያውቅም። በተራ ስልክ ደግሞ ከንፈሬን ስለማያይ እንደማይሰማኝ ያውቃሉ።»

እናቴ መሞቷን አታውቅም። አባቷ አልነገሯትም፤ በስደት ላይ ላለ ሰው መርዶ አይላክም።

የየካቲቱ እንዲህ ይላል። «እትዬ፣ ጎበሳ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። ደህና ነው አለችኝ። እናቴ የሞተች ጊዜም ይቺው አክስቴ ናት ዓመት ሙሉ ደህና ናት ስትለኝ የነበረው። እባክዎ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ሌላ። «ዘመዶቼን ፎቶ ላኩልኝ ብያቸው ላኩ። የድሮ ፎቶ ነው እትዬ። እኔ ራሴ ያነሳሁት ነው።»

ከዚያ የግንቦት። ድምፁ ከአፏ አይወጣም፣ ከኋላ ውሃ ይፈስሳል። «መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው። እዚህ ማልቀስ አይፈቀድም።»

ከዚያ የሰኔ። «ውሌ አልቋል። ሴትየዋ ሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ። ለማን እመጣለሁ? ለባዶ ቤት?»

የመጨረሻው አጭር ነው። «እርስዎም ዝም አሉኝ። ገባኝ። እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም፣ ሊዋሹኝ ስላልፈለጉ ነው ዝም ያሉት። አላህ ይስጥልኝ እትዬ። ካሁን በኋላ አልጠይቅም።»

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ያ ስም የሌለው ስልክ ማን እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። በአንድ ጣቴ ነው የተጫንኩት። በዚያች አንድ ጣት አንድ ሰው በቁሙ ቀበርኩ፣ ሴት ልጁን ደግሞ ብቻዋን ለቅሶ አስቀመጥኳት።

ስልኩን ይዤ፣ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወደ ጋሼ ግቢ ሄድኩ። ከመስጊድ ተመልሰው ያንኑ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ያለ ስልክ። ጥፋቴን ቀስ ብዬ ብናገር በወደድኩ። ለጋሼ ግን ቀስ ተብሎ አይነገርም። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ «ዋይፋዩን የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ! አላወቅሁም!» ብዬ ጮህኩ። ከመንገድ ማዶ በቆሎ የምትፈለፍለው ሴት እጇን አቁማ አየችን።

«አውቃለሁ አንቺ እንደሆንሽ» አሉኝ። «የሰጠችኝ እናትሽ ነች። እሷ ሞተች፣ ቤቱ ያንቺ ሆነ። ዘጋሽ። መብትሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ሐዘንተኛ ነሽ» አሉ። «ሐዘንተኛ ቤት ሄጄ ዋይፋይ ክፈቺልኝ ልበል? ምን ይባላል?»

የእናቴ ስልክ እዚያ ግድግዳ ሥር መስመሩን ይዟል። ደወልኩ። ረጅም ጊዜ ጠራ። ልጅቷ አነሳች፣ «እትዬ!» አለች፣ እኔ ስልኩን ወደ ጋሼ ፊት አዞርኩት።

ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው። ከዚያ፣ «ኮፍያህን አውልቅ» አለች። የድሮ ቪዲዮ ይሆናል ብላ ነው። ከንፈሯን አንብበው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተነስ፣ ቁም» አለች። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ያኔ እዬዬዋን ለቀቀችው። እሳቸው ምን እንደተፈጠረ አላወቁም፣ የሞቱ መሆናቸውን ማን ይንገራቸው? «ኢንታላ ኮ! ከሳሽ! ሰኔ እመጣለሁ ብለሽኝ ጥቅምት ገባ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ብለው መልሰው እየተቀመጡ ጮኹ።

ልጅቷ ሁለት ጣቷን አነሳች።

«ሁለት ወር!» አሉ ጋሼ ወደኔ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። «ለታኅሣሥ! አጨዳው ሳያልቅ ትደርሳለች!»

አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልገባቸውም፣ እኔን አዩኝ። ሌላ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩና፣ «ሁለት ዓመት!» ብዬ ጮህኩ።

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ሲያስተካክሉ ቆዩ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ ለሳቸው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዕድሜ ከሰጠኝ ምን አላት።» ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ልጅቷ ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና እኔን ጠራችኝ። ስልኩን ወደኔ አዞርኩ። የለበስኩት ጥቁር እንዳይታያት ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። «እህቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። አባቴን ከሞት አስነሳሽልኝ» አለች። አፈርኩ። የዘጋሁት እኔ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ይሄ የእትዬ ስልክ አይደል? እሳቸውስ? አማኋቸው እኮ፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

ጋሼ አልሰሙም፣ ግን አንገታቸውን ሰግገው ከንፈሯን አዩ። እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው ጨበጥ አደረጉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ዘጠኝ ወር ስታለቅስ የኖረች ልጅ ናት፣ ዛሬ ነው እንባዋን የጠረገችው።

«ደህና ናት» አልኩ። ዓይኔ ወደ አጥሩ ነበር።

ልጅቷ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲወርድ አየሁት።

«እህቴ» አለችኝ፣ «እስቲ ፊታቸውን አሳዪኝ።»