ከኒኬሉ ሥር የወጣው እጅ

ሠልጣኞቹ ከኋላው «ጓንት» ይሉታል። ፊት ለፊቱ እንዲህ የሚለው ሰው ገና አልተወለደም። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነው፤ ጓንትህ የታለ፣ ጓንትሽን አድርጊ፣ ያለ ጓንት ወደ ገንዳው እንዳትጠጋ። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው፤ የሚስቱ ታናሽ እህት ነኝ። እሱ ብረት ላይ ኒኬል ማልበስ በሚያስተምርበት ማሠልጠኛ ውስጥ እኔ ላሜራ አለሰልሳለሁ። የጨርቅ ጎማ የሚያሽከረክር ሞተር ፊት ቆሜ እውልና ቤቴ ስገባ ከአፍንጫዬ ጥቁር አቧራ አወጣለሁ። ይሁን፣ የማወራው ስለ እኔ አይደለም።

ጋሼን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እጁን ነው። ሰው አይጨብጥም፤ ክርኑን ነው የሚሰጠው። በር ሲከፍት እጀታውን በሹራቡ እጅጌ ይዞ ነው። ልጁ የተወለደ ዕለት ጓንት አድርጎ ነው ያቀፈው እያልን እንስቅበት ነበር። ለማያውቀው ኩራት ይመስላል፤ የሙያ በሽታ ነው እንጂ። ኒኬል የሚለብስ ብረት በፈላ ሶዳ ታጥቦ አሲድ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ባዶ እጅ ከነካው አለቀለት። ሲነኩት ምንም አይታይም። ኮረንቲ ያለበት ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ግን የጣቱ መስመር አንድም ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ ኒኬሉ እዚያው ላይ ይላጣል።

ጋሼ ታዲያ አንድ ልማድ አለው፤ ከሱ በቀር ሲያደርገው ያየሁት ሰው የለም። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ላሜራውን በደንብ ካሳጠበው በኋላ፣ በል አሁን ጓንትህን አውልቅና በአውራ ጣትህ ንካው ይለዋል። ሠልጣኙ ግራ እየገባው ይነካል። ኒኬል ለብሶ ጣቱ ሲወጣ ጋሼ ላሜራውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ እጅህ የነካውን እንደማይለቅ እያየህ ሥራ ይለዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው አውራ ጣት ብቻ ሆነ። ከባለጣቶቹ ትልልቅ ፋብሪካ የገቡ አሉ፣ የሞቱም አሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሞተሩም ማራገቢያውም ጠፍቶ ብቻዬን ስቀር ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን አልሰጥም። ፈሪ ካላችሁኝ በሉኝ።

ከጣቶቹ መሀል አንድ ባዶ ሚስማር አለ። የገዛ ልጁ ነው።

ልጁን «አሲዱ» ብሎ ስም ያወጣለት አባቱ ራሱ ነው። ላቡ ብረት የሚበላ ሰው አለ አይደል? እሱ እንደዚያ ነበር፤ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዝጋል፣ የሰዓት ማሰሪያ አይበረክትለትም። ሃያ ዓመት ሲሞላው አባቱ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። የመጀመሪያውን ላሜራ ሲነካ የሌሎቹ ጣት ነጣ ብሎ ሲወጣ የሱ ጠቁሮ፣ ብረቱን በልቶ ወጣ። ጋሼ ላሜራውን ቁርጥራጭ መጣያ ውስጥ ወረወረውና በሠልጣኞች ፊት፣ ይህ እጅ ለዚህ ሙያ አልተፈጠረም፣ ሂድ መጋዘን ላሜራ ተሸከም አለው። አዲስ ጓንትም ሰጠው፤ «አሲዱ» ብሎ በቀለም ጽፎበት። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀናል፤ ልጁም ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ሙሉ ላሜራ ሲሸከም ዋለ። በማግስቱ ሥራ ፍለጋ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ፤ መኪናዋ ከድልድይ ላይ የሞላ ወንዝ ውስጥ ገባች። የአንዳንዶቹ አስከሬን ተገኘ፤ የሱ አልተገኘም። ውሃ በላው ተባለ። እትዬ፣ እህቴን ማለቴ ነው፣ እሺ አላለችም፤ ሳላየው አላለቅስም ብላ እርፍ። ከዚያ ወዲህ የቤቷን በር ቀርቅራ አታውቅም። ሌባ ገብቶ ራዲዮኗን ይዞባት ሲሄድ እንኳ አልቀረቀረችም፤ ልጄ ሲመጣ በር አያንኳኳም አለች። ጋሼ ስለ ልጁ ትንፍሽ አይልም፤ ሚስማሩን ግን አልነቀለውም። ዓመታት አለፉ፤ የልጁ እኩዮች አግብተው ወለዱ።

አምና ላሜራ ከገበያ ጠፋ። ሠልጣኞቹ መጋዘን ውስጥ ጥግ ለጥግ እየቆፈሩ፣ ያገኙትን እያመጡልኝ አለሰልስላቸው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሠልጣኝ ላሜራዋን ከገንዳው ስታወጣ አውራ ጣት አብሮ ወጣ። ጋሼ ወረደባት። ልጅቷ ጓንቴን አላወለቅኩም ብላ ማለች፤ ማን ይስማት? ከሰዓት በኋላ የሌላው ላሜራ ላይም ወጣ። ያው ጣት ነው። ይኼ ሁሉ ጩኸት ምንድነው ብዬ ሄጄ ጎንበስ አልኩ፤ ጣቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አየሁ።

እንዴት ልርሳው? አሲዱ ልጅ ሳለ የጣሳ ክዳን የቆረጠው ነው፤ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ቀና ስል ጋሼ ከኔ ቀድሞ አይቶት ኖሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ላሜራዎቹን እኮ ያለሰለስኳቸው በገዛ እጄ ነው፤ ሞተሩ ላይ ሳሉ መስታወት ነበሩ፣ አንድም ምልክት አልነበረባቸውም።

በማግስቱ ጋሼ ማንንም ሳያስነካ አንዱን ላሜራ ራሱ ሠራው። አጠበ፣ አሲድ ውስጥ ነከረ፣ ውሃ አፈሰሰበት። ቅባት ያለበት ብረት ላይ ውሃው ይበጣጠሳል፤ ያኛው ላይ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ተኛ። ንጹሕ ነው ማለት ነው። ገንዳው ውስጥ ከተተውና አጠገቡ ቆመን ጠበቅን፤ ሲያወጣው አውራ ጣቱ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ጣቶች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ በወጡት ደግሞ መዳፉ እየተከተለ መጣ። ኒኬሉ ውስጥ ሆኖ ወደ እኛ የሚጠጋ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ሁለት ሠልጣኞች በዚያው ቀሩ፤ አልፈረድኩባቸውም።

ይፈራል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ እቴ፣ ፊቱ እየበራ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሞተሬ መጣና በሹክሹክታ፣

«ልጄ አለ» አለኝ። «እጁ ትኩስ ካልሆነ ላብ ከየት ይመጣል? ላሜራ የሚቆርጥ ፋብሪካ ገብቶ ይሆናል።»

ለእትዬ እንዳትነግራት ብዬ ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ ያኔውኑ ሄዶ ነገራት። እትዬ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። የልጇን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ አንሶላውን አጠበች። ነገሩ ሌላ ከሆነ ያን አልጋ መልሶ የሚያፈርሰው ማን ነው?

ጋሼ ጢሙን ተላጭቶ የክት ኮቱን ለብሶ ላሜራ ፋብሪካው ሄደ። ሲመለስ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ነበር። የሚቆርጠውም የሚያስረውም ማሽን ነው፣ የሰው እጅ አይነካውም ብለውታል። ያን ውፍረት ደግሞ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። ተያይዘን መጋዘን ገባን።

ላሜራው ሲመጣበት የነበረው ክምር ከኋለኛው ግድግዳ ጥግ ነበር። የቀረው ከሥር ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እንዳይዝግ የተቀባው ግሪስ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ከላሜራውና ከግድግዳው መሀል የተወሸቀ ነገር ሳበ። ጓንት ነው። ሁለቱ እንደ አዲስ ተያይዘው አንድም ጣት አልገባባቸውም፤ አቧራውን ሲጠርገው በገዛ እጁ ጽሑፍ «አሲዱ» ይላል።

ያኔ ነገሩ ቁልጭ አለልን። ልጁ ያን ዕለት ሆድ ብሶት ጓንቱን ወርውሮ በባዶ እጁ ነው የተሸከመው። ከላይ ያሉትን በአውራ ጣቱ እየገፋ አስተካከለ፣ ወደ ታች ያሉትን ጨምድዶ ያዘ፣ የሥረኛውን ደግሞ በሁለት መዳፉ ተሸከመ፤ ላቡም በኋላ ከተቀባው ግሪስ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ ዓመት ብረቱን ሲበላ ኖረ። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ሞተሬ እንዴት እንዳላየው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ይምጣ።

ጋሼ የመጨረሻውን ላሜራ አላስለሰለሰም። ራሱ አጠበው፣ ራሱ ገንዳው ውስጥ አንጠለጠለው። ሲያወጣው ሁለት መዳፍ ወጣ፤ አሥሩም ጣት ተዘርግቷል፣ የአንዱ አውራ ጣት ላይ ግማሽ ጨረቃዋ አለች። ባዶው ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል ብዬ ነበር። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ነይ አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን አልችልም አለኝ።

በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ የተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ላሜራውን ጭኗ ላይ አስቀምጦ ጨርቁን ገለጠው። እሷ ወደኛ አላየችም። ሁለት መዳፏን በሁለቱ መዳፎች ላይ፣ ጣት በጣት አድርጋ ዘረጋች።

«እጁ ቀዝቅዟል» አለች።

ከዚያ ላሜራውን አልጋው ላይ፣ ትራሱ ጋ አስተኛችው። አንሶላውን ሳብ አድርጋ አለበሰችውና ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ገርበብ ያለውን ገፋ አድርጋ ዘጋችና መቀርቀሪያውን ያዘች። መቀርቀሪያው ልጁ ከሄደ ወዲህ ተነክቶ ስለማያውቅ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። ጋሼ ከኋላዋ መጣ፤ እጅጌውን አልሳበም፣ በባዶ እጁ ይዞ ገፋላት።