ሳይጠየቅ የተቆረጠው ክር

መጻፍ ሳልችል በመድፈሬ ይቅርታ፤ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለ ሆስፒታል ውስጥ ወለል ጠራጊ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ አንዲት ሸምገል ያሉ ነርስ አሉ፤ ስማቸውን አፍሬ አልጠየቅኩም። የግራ ጫማቸው ተረከዝ አልቋል፤ እስክሪብቶአቸውን በፋሻ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

በዚህ አገር ልማድ በመጋቢት መግቢያ እጅ ላይ የሚታሰር ቀይና ነጭ ክር ያበበ ዛፍ ሳይታይ አይፈታም፤ ሲታይ ተፈትቶ ቅርንጫፉ ላይ ይታሰራል። ሥራ በጀመረች በሦስተኛ ቀኗ ራሊጻ የምትባል ነርስ ሕመምተኛዋን ባባ ዝላታን (ባባ ማለት አያት ነው) ለኦፕራሲዮን ስታዘጋጅ ክራቸውን በመቀስ ቆረጠችው።

«ክሬን ቆርጣችሁ ደግሞ ሆዴን ልትቆርጡ? ኦፕራሲዮን አልገባም!» አሉ ባባ።

«ደንቡ እኮ እጅ ላይ ምንም አይኑር ይላል» አለች ራሊጻ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ደንቡ ልክ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ ሸምገል ያሉት ነርስ። «አትጠይቂ ግን አላለሽም። መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከዚያ መቀስ አንሺ።»

ክሩን ከቆሻሻው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። ኪሳቸው ውስጥ ባለፉት ዓመታት ከሕመምተኞች እጅ የተቆረጡ፣ የደበዘዙ ሌሎች ክሮች አየሁ።

በማግስቱ ጧት ነርሷ ያበበ የኮክ ቅርንጫፍ ካፖርታቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ባባ ክራቸውን ተቀብለው አሰሩበትና «በሉ ውሰዱኝ» አሉ። የባባ አልጋ ከክፍሉ ሲወጣ ነርሷ የቀሩትን ክሮች ከኪሳቸው አወጡና ቅርንጫፉ ላይ አንድ በአንድ አሰሯቸው።