ለእንሰት የተጻፈ የኪራይ ውል

ዲላ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ለተከራዩ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት የሚናገረው አንድ ነገር አለ፦ «ቋሚ ተክል መትከል ክልክል ነው።» ጎመን ይቻላል፣ ቃሪያ ይቻላል፤ እንሰትና ቡና ግን አይታሰብም። በጌዴኦ ምድር እንሰት የተከለ ሰው እንግዳ አይባልም። ሥሩ አፈር ከያዘ ጎረቤቱ ሁሉ ቦታው የእሱ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። ስለዚህ አከራይ ተክል ይፈራል። እኔም እፈራ ነበር።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ዕድሜዬን በቡና መጋዘን ጥበቃ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ገዝቼ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ለብቻዬ አነበብኩት። ጓሮዬ ውስጥ ክፍሎች ሠርቼ ማከራየት ስጀምር፣ ያለ ጽሑፍ ማንም ግቢዬ እንዳይገባ ደንብ አወጣሁ። ሰዎች «ከተማመንን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ተሳስተዋል። ውል የሚጻፈው ሰው በሚዋደድበት ቀን ነው፤ ከተጣላ በኋላማ ማን ከማን ይስማማል?

አንድ ቀን አንዲት እናት ሴት ልጆቿን ዲላ ልታስተምር ከዱመርሶ ገጠር መጣች። ክፍሉን አይታ ወደደችው። ከዚያ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ተዳፋት ሄዳ ቆመች። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየላጠ የሚወስድብኝ ቦታ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ እንሰት ልትከል?»

«ክልክል ነው።»

«ታዲያ አፈሩ ሲሄድ ዝም ብለው ያዩታል?»

«አፈሩ የኔ ነው። ቢሄድም የኔ ነው።»

«ከሄደማ የታች ሰፈር ሰው አፈር ነው» አለችና ሳቀች።

እውነቷን ነው። እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቅኳት፤ አምስት አለችኝ። ውሉን የአምስት ዓመት አደረግኩት። ቦታው የአከራይ ነው፤ እንሰቱ የተከራይ ነው፤ ኪራይዋን እስከከፈለች ድረስ እስከ አምስተኛው ዓመት ጥር መጨረሻ ማንም አያስወጣትም፤ ያን ዕለት ግን ተዳፋቱን ባዶ አድርጋ ታስረክባለች። ምስክሮች ፈረሙ፤ ወስጄም አስመዘገብኩት። የአጥር ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ «ሰው ለሰው ያከራያል፤ አንተ ለእንሰት አከራየህ!» ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ።

እንሰቱ አደገ። ጎርፉ ቆመ። ጎረቤቴም መሳቁን ተወ።

በአራተኛው ዓመት የበኩር ልጄ ከሐዋሳ መጣ። ኢንጂነር ነው። ተዳፋቱ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራይ ፎቅ ለመሥራት ፕላኑን ጠቅልሎ ይዟል። ቦታውን እንደምሰጠው ቃል ገብቼለት ስለነበር አልካድኩም። «ውሉ ሲያልቅ ውሰደው» አልኩት።

«አባዬ፣ ለእንሰት ብለህ ፎቅ ታስቀራለህ?»

«ለእንሰት አይደለም፤ ለፊርማዬ ነው።»

ልጄ እኔን ትቶ ወደ ሴትዮዋ ሄደና ካሳ እከፍልሻለሁ፣ በቶሎ ንቀይ ብሎ ለመናት። ያልደረሰ እንሰት ቢፋቅ ከውሃና ከቃጫ በቀር ምንም አይወጣውም። የአራት ዓመት ልፋቷ፣ የልጆቿ ቀለብ ያ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ገንዘብ አልተከልኩም» አለችው።

እሱም ሽማግሌ ሰበሰበብኝ። ልጁ የከሰሰው አባት ሆኖ መቀመጥ ያሳፍራል። እኔ ግን የሕግ መጽሐፌን ብብቴ ሥር አድርጌ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የሽማግሌ ነገር ይታወቃል፤ ሁሉን ለሁለት መክፈል ይወዳል። «ግማሹን ዘንድሮ ትንቀል፣ ግማሹን ለከርሞ ትተው» አሉ። ልጄ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች።

ተነሣሁ። «አከራይ ተከራዩን በሰላም የማኖር ግዴታ አለበት ይላል ሕጉ» አልኩ። «ልጄ ቦታዬን ሲረከብ ቃሌንም ይረከባል። ቃሌን ካልፈለገ ቦታውንም ይተው።»

ሰብሳቢው አዛውንት በእንሰት መሀል ያደጉ የጌዴኦ ሰው ናቸው። «በግማሽ የሚደርስ እንሰት አላየሁም» አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ፤ ውሉ ጸና። የዚያን ቀን ወደ ሰፈሬ የሚወስደውን ዳገት እንደ ጎረምሳ ወጣሁት። ልጄ ግን ሳይሰናበተኝ ወደ ሐዋሳ ተመለሰ።

በመጨረሻው ዓመት እንሰቱን የሚፍቁላት የሴትዮዋ ዘመዶች ቡና ለቀማ ላይ ስለነበሩ እስከ ጥር ማለቂያ አልመጡም። ሲመጡ ግን ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። ሲቆርጡ፣ ሲፍቁ፣ ሲዘፍኑ ሰነበቱ። ውሉ በሚያበቃበት ቀን ልጄ ሜትር ይዞ ከተፍ አለ። የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ።

«ኢንጂነሩ!» አለችው አንዷ፣ ጭቃ የለበሰ የእንሰት ሥር እያስታቀፈችው። «ሜትርህን ኪስህ ክተትና ይህን ተሸከም!»

ተሸከመ። ነጭ ሸሚዙን ዳግም ነጭ ያደረገው ሳሙና የለም።

ወደ ማታ ላይ ተዳፋቱ ባዶ ሆነ። ባዶ ግን አልነበረም። መሀሉ ላይ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ፣ ድንጋይ የተጫነው ጉድጓድ አለ። የተፋቀው እዚያ ውስጥ ተብላልቶ ነው ቆጮ የሚሆነው። እኔ የሰሜን ሰው ልጅ፣ የእንሰቱን ዓመታት ስቆጥር የጉድጓዱን ወራት ረስቻለሁ።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ይህንንማ ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። «አባዬ፣ ውሉ ዛሬ አይደል የሚያልቀው?»

«ዛሬ ነው።»

ባለቤቴ እጇን አጨበጨበች። «አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ድንጋይ ነው እንዴ? አሁን ይህን ሳይብላላ በአካፋ ልታስወጣት ነው?»

«ለልጄ ስል ያላጣመምኩትን ውል ለእሷ ስል አላጣምምም» አልኩ። «ቦታው ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው። እሱን ጠይቁት።»

ሴትዮዋ በሽፋኑ ድንጋይ ላይ እጇን አሳረፈች። አሳዘነችኝ። ቢሆንም ሕግ ለወደዱት ሲሆን የሚለሰልስ ከሆነ ሕግ አይደለም፤ ይህን ልጆቼን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ጉድጓዱን ዞሮ አየው። «ለመብላላት ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

«ሁለት ወር። ጥሩ እንዲሆን ሦስት።»

«ሦስት ይሁን» አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጁን አነሣ። «በቃል ግን አይሆንም። ወረቀት አምጡልኝ።»

በርጩማ ላይ ተቀምጦ አዲሱን ውል ራሱ ጻፈው። ጉድጓዱ የተከራይ፣ ዙሪያው የአከራይ። ከዚያ ቀና አለ። «ዝናብ ቢገባበት ኃላፊው ማን ነው?»

«ወይ ጉድ! ልጁ ከአባቱ ባሰ!» ብለው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ አልሳቀም። ከጉድጓዱ በላይ የውሃ መውረጃ የመቆፈር ግዴታው የአከራይ ነው ብሎ ጻፈ።

እንደ ልማዴ ብዕሩን ተቀብዬ አከራይ ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ልፈርም ስል እጄን ያዘኝ።

«እዚያ የኔ ቦታ ነው፣ አባዬ። አንተ ምስክር ነህ።»

ብዙ ውል ፈርሜያለሁ። እንደዚያ ቀን ያማረ ፊርማ ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።