ሚስስ ዶሪን ለቀብር የለበሱት ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ገበያ ይዛኝ ሄዳ ነበር። እሷ ጫማ ስትለካ እኔ ውጪ ጥላ ሥር ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ሁለት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ከፊቴ ቆመው ስልክ ላይ መንገድ ይፈልጋሉ። አንዷ በዚያ ሙቀት በልኳ የተሰፋ ነጭ ሱሪ ለብሳለች፤ ቦርሳዋና ጫማዋ አንድ ቀለም ናቸው። ሌላዋ ሰፊ አበባማ ቀሚስ ከስፖርት ጫማ ጋር አድርጋለች። ገና ሳይናገሩ፣ ‹ይቺ ጣሊያን፣ ያቺ እንግሊዝ› አልኩ በልቤ። ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ አልተሳሳትኩም። ይህን መለየት የተማርኩት የት እንደሆነም ትዝ አለኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሱዳን የስደተኞች መጠለያ ላስ ቬጋስ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። አንድ ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ የካዚኖ ሠራተኞችን ዩኒፎርም በልካቸው እናስተካክላለን፣ የሙሽራ ቀሚስ እናሳጥራለን። የሱቁ ባለቤት ሲኞራ ኤልቪራ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጣሊያናዊት ነበሩ። ከእኔ ጋር የሚሰፉት ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሚስስ ዶሪን ናቸው። ሁለቱም ሃምሳን አልፈዋል።

ሲኞራ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ያለ ሊፕስቲክ አይወጡም። አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሐምሌ ስቶኪንግ ያደርጋሉ። ልብሳቸው ሁሉ በልካቸው፣ ሁሉም የተተኮሰ ነው። “ከቤት ስትወጪ ሰው ያይሻል፤ የሚያይሽን አክብሪ” ይሉኝ ነበር። ሚስስ ዶሪን ደግሞ ነጠብጣቡን ከአበባው፣ አበባውን ከመስመሩ ደባልቀው ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ቀዳዳ ሲሰፉ ይውሉና ክርኑ የተቀደደውን የራሳቸውን ሹራብ አይነኩም። “ያሞቀኛል እኮ፣ ሌላ ምን ላድርገው?” ነው መልሳቸው። ለሰርግ ግን ትሪ የሚያህል ባርኔጣ! ምሳ ሰዓት ሲኞራ የቲማቲም ስጎ እንዳይፈነጠቅባቸው አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ሚስስ ዶሪን የሳንድዊቹን ፍርፋሪ ከደረታቸው ጠረግ አድርገው ይቀጥላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ለሲኞራ አደላ ነበር። እናቴም በሰው ፊት ስትቀርብ እንደዚያው ነበረች።

በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ለወራት ሆስፒታል ተኝተው የነበሩት የሚስስ ዶሪን ባል ሞቱ። ቀብሩ ላይ ሲኞራ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው፣ እኔም ጥቁር ቀሚስ ተውሼ ቆምን። ሚስስ ዶሪን መጡ። ትልልቅ አበባ ያለበት ደማቅ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ባዶ እግራቸው ላይ ሰንደል ጫማ።

ሲኞራ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። “ለባልሽ የለበስሽለት ይሄን ነው?”

ሚስስ ዶሪን ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አባቴ ሲሞት እናቴ ዓመት ሙሉ ከጥቁር አልወጣችም ነበርና ንዴቱ እኔንም ያዘኝ። አንድ እርምጃ ወደ ሲኞራ ተጠጋሁ። የዘረጉት እጅ ሳይጨበጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሚስስ ዶሪን ሥራ ቀሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሲኞራ የሚስስ ዶሪንን መቀስና መነጽር በካርቶን አድርገው “አድርሺላት” አሉኝ። የሚኖሩበት ዊትኒ የሚባል ሰፈር ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሚስስ ዶሪን ምንም እንዳልተፈጠረ አስገብተው ሻይ በወተት ቀዱልኝ። ቀሚሱ ታጥቦ ወንበር ላይ ተጣጥፏል። ማየቴን አዩ።

“ስኳር በሽታው ዓይኑን አድክሞት ነበር” አሉ። “መጨረሻ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀለም ብቻ ነው። አንድ ቀን ግራጫ ለብሼ ስገባ፣ ገና ሳልናገር፣ ነርሷ መስዬው ‹ሚስቴ ዛሬ አትመጣም?› አለኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ብቻ ለበስኩ። አጥበዋለሁ፣ እለብሰዋለሁ። በሩ ላይ ሲያየኝ ‹መጣሽ› ይለኛል። ታዲያ የመጨረሻዋን ቀን ሌላ ሴት መስዬ ልሸኘው?”

“ቀብሩ ላይ ለምን አልነገሩንም?”

“እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት እንዴት ይወራል?”

ለሲኞራ ስነግራቸው የስፌት መኪናውን አቆሙ። “እኔ ለባሌ ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሻለሁ” አሉ። “አንድ ቀን አላለቀስኩለትም። የለበስኩት መንደሩን ፈርቼ ነው።” በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግተው ዊትኒ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሰኞ ዕለት ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰፉ ነበር።

በዓመቱ ሚስስ ዶሪን እንግሊዝ አገር እህታቸው ጋር ለመኖር ሄዱ። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ልጅ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ ረስተውታል እያልኩ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ዕድሜዬ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት አልፏል። ለቅሶ ቤት ስገባ አሁንም ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ልብስ ላይ ነው። ማን ጥቁር እንደለበሰ፣ ማን ከሥራ ፈረቃው በቀጥታ በዩኒፎርሙ እንደመጣ አያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ልማድ የምተው አይመስለኝም። ከዚያ ግን ቀና እላለሁ። የሐዘንተኛውን ፊት ሳላይ አልቀመጥም።