ማኅደር የለበሰው ኮምፒውተር

ዛሬ ኮምፒውተሬ ሦስት ጊዜ በርቶ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በአራተኛው ጭራሽ አልነሳም አለ።

ውስጡ ያለው የአባቴ የስምንት ወር ድካም ነው። አባየ እዚህ ጎንደር የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ቅኔያቸውን እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እተይባለሁ።

ሌላ ቦታ ኮፒ የለኝም። (አትሳደቡ፣ ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።)

የኃይል ገመዱን ቀየርሁ። ምንም የለም። ሜሞሪውን ነቅዬ ቆሻሻው እንዲለቅ በላጲስ ላሸው ብዬ ልብሱን ስገፍፈው፣ ሳጥኑ ግሎ እጅ አያስነካም!

ልብሱ ምን መሰላችሁ? አባየ በደጃችን ያለው የመንገድ ሥራ አቧራ ቢያስመርራቸው፣ ባለፈው ሳምንት ልክ እንደ ዳዊታቸው የቆዳ ማኅደር ሰፍተው አለበሱት። ቀዳዳ የተዉለት ለማብሪያውና ለገመዶቹ ብቻ ነው።

እኔም «ሸጋ ነው!» ብዬ ፎቶውን እዚሁ ለጠፍሁላችሁ። ያን ሁሉ ላይክ ስታደርጉ አንዳችሁ እንኳ «ይታፈናል» አላላችሁም!

እስኪበርድ ጠብቄ፣ በስመ አብ ብዬ አበራሁት። ተነሳ። አሁን ወደ ፍላሽ እየገለበጥሁ ነው፤ ገና ግማሽ ላይ ነው።

አባየ ገብተው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ራቁቱን ተውሽው?»

«ታፍኖ እኮ ነው አባየ የሚጠፋው። አየር ይፈልጋል።»

ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና በጭራቸው ያራግቡለት ጀመር።

እስቲ ፋይሉ እስኪያልቅ አጫውቱኝ፤ እናንተስ ቤት ከመውደድ ብዛት የታፈነ ዕቃ አለ? እኔ ከስክሪኑ ዓይኔን አልነቀልሁም። አባየም እጃቸውን አላሳረፉም።