ለማስተማሪያ የተቀመጠችው የሴቶች ኮንዶም

ወለተሐና ጅግጅጋ ውስጥ ጨርቅ እየቸረቸረች አራት ልጆች ታሳድጋለች። ከመጨረሻው ወሊድ የተረፈችው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ሐኪሙም ዳግመኛ እንዳታረግዝ አስጠንቅቋታል። የወሊድ መከላከያ ክኒኑና መርፌው ከደም ግፊቷ ጋር አልተስማሙም። ባሏ ጌታሁን ደግሞ ኮንዶም ሲባል ያኮርፋል። ስለዚህ የሴቶቹን ኮንዶም ፍለጋ ወጣች።

ፋርማሲው ውስጥ ሻጩ «የሴት ደግሞ አለ እንዴ?» ብሎ እሷኑ ጠየቃት።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ ፋርቱን ከመሳቢያ አንድ አውጥታ አጠቃቀሙን በፕላስቲክ ሞዴል አሳየቻት። ወለተሐናም ሳትሳሳት ደገመችላት።

«ማሻ አላህ እህቴ፣ ጎበዝ ነሽ!» አለች ፋርቱን፤ ኮንዶሙንም መልሳ ቆለፈችበት።

«አትሰጪኝም እንዴ?»

«ይቺ ማስተማሪያ ናት። ያለችን እሷው ብቻ ናት።»

«ታዲያ የተማረ ሰው ምን ይወስዳል?»

ፋርቱን አሰብ አደረገች። «እስካሁን ተምሮ የጠየቀ የለም።»

ከዚያ ፋርቱን ቀብሪበያ ጤና ጣቢያ ላለችው ነርስ ጓደኛዋ ደወለች። እዚያ አንድ ካርቶን ሙሉ አለ፤ ማስተማሪያ ሞዴል ስለሌላቸው ለማንም አላደሉትም።

ወለተሐና ግን ተምራለችና በሚኒባስ ሄዳ ተቀብላ መጣች። ጌታሁን ማሸጊያውን አገላብጦ አየው።

«እኔ የማደርገው ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

«እንግዲያው ደህና» አለና ወደ ሥራው ወጣ። እሷም አምላኳን አመሰገነች።